እድሩ በሕይወት ሳሉ ቢደርስላቸው



በሀዋሳ፣ ምናኸሪያ ይሁን ሐይቅ ዳር ወይም ታቦር፣ ሞት የገባበት ቤት ብቻውን አይቀርም። ወጣቶች ድንኳን ይተክላሉ፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ድስትና ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጀናዛው ሳይዘገይ ይሸኛል። ለተዕዚያ የሚመጣው ሰው ቀናት ሙሉ አይቋረጥም። አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም።

ታዲያ ድንኳኑ የተተከለላቸው አዛውንት ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በራቸውን ያንኳኳው ማን ነበር?

እንዲህ ያሉ እናት በየሰፈራችን አሉ። አንዱ ልጃቸው ጂዳ ነው፣ አንዷ አዲስ አበባ። ገንዘብ ይላካል፤ ባንክ ሄዶ የሚያወጣላቸው ግን ጎረቤት ሲመቸው ነው። ዓይናቸው ፈዝዟል፤ የደም ግፊታቸውን ከተለኩ ቆይተዋል። የእድር መዋጮ ግን አንድም ወር አላሳለፉም! ለቀብራቸው በየወሩ ይከፍላሉ፤ በሕይወት ሳሉ ግን ከእድሩ የሚያገኙት ነገር የለም።

ጡረታ አላቸው እንዳንል፣ ዕድሜያቸውን በእንጀራ ጋገራና በጉልት ንግድ ለጨረሱ ጡረታ ከየት ይመጣል? የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ እንኳ የወጣው በ2003 ነው፤ እሱም ቢሆን በግዴታ ያቀፈው የተቀጠረን እንጂ የጉልት ነጋዴዋን አይደለም።

ምንም አልተሠራም ማለታችን አይደለም። በ2009 የከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ሀዋሳ ነበረች። መሥራት የሚችለው በከተማ ጽዳትና በመሳሰለው ሥራ ተሰማርቶ ሲከፈለው፣ አቅም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደረገ። በ2003 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ እንዲታከም፣ የድሃ ድሃው መዋጮ ደግሞ በመንግሥት እንዲሸፈን የታሰበ ነው። ነገር ግን እዚህ ሁሉ ውስጥ ለመግባት መመዝገብ፣ መታወቂያ ማሳደስ፣ መሰለፍ ያስፈልጋል። ጉልበታቸው የከዳቸው ሰው የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ገንዘብ ሳይሆን እግር ነው።

ስለ ዓይን ካነሳን፣ በ1998 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው! «እርጅና ነው» ተብሎ መስጊድ መሄድ ያቆመው ስንቱ አባት፣ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው አንድ ወጣት ቢያገኝ ኖሮ የሰፈሩን ሰው መልክ ዳግም ያይ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምኑ አይተው ከበይቱል ማል መተዳደሪያ እንደቆረጡላቸው አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ዘግበዋል። የሽማግሌው ሃይማኖት ምክንያት አልሆነም። ጎረቤታችን የተለያየ እምነት በሆነባት ሀዋሳ ይህን ማስታወስ ይገባናል። የሲዳማ ሕዝብም ቢሆን፣ በ2008 በዩኔስኮ በተመዘገበው በፍቼ ጫምባላላ በዓሉ የጎሣ መሪዎች ከሚያስተላልፉት ምክር አንዱ አረጋውያንን አክብሩ፣ ደግፉ የሚል ነው።

«የእድሩ ደንብ ለሞት ነው» የሚሉ አሉ። ደንብ ግን ይሻሻላል። በ1990ዎቹ ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች እድሮች ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ መርዳት ገብተዋል። «ካዝናው ይራቆታል» ለሚለውም፣ አብዛኛው ሥራ ብር አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ብቸኛ አዛውንት ሁለት ወጣቶች ይመደቡ፤ ለሴቶቹ ሴት ልጆች ቢሆኑ ይሻላል። በሳምንት አንድ ቀን ዚያራ፣ በወር አንድ ቀን ጤና ጣቢያ፣ ባንክ ሲሆን ባጃጅ ይዞ አብሮ መሄድ። የባጃጅ ሒሳብ ከእድሩ ቢወጣ ማንንም አያደኸይም። መድኃኒትና ቀለብ ለሚያስፈልጋቸው ድሆች ደግሞ ዘካ አለ። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ችግረኛ ወላጅን መቀለብ የልጅ ግዴታ ነውና ከዘካ አይቆጠርም፤ የጎረቤትን አባት እየረዱ የራስን መርሳትም አያምርም።

ወጣቱ ምን ያወራል ብሎ የሚፈራ ካለ አይፍራ። አዛውንቶቹ ያወራሉ። ሐይቁ ዳር ጫካ እያለ፣ ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ያዩ ሰዎች ዛሬም ከመካከላችን አሉ፤ የሚያደምጣቸው ነው ያጡት።

ከየት እንጀምር ለሚል፣ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይግለጥ። ማን ብቻውን እንደሚኖር ስሙ እዚያ አለ።