የጎጃም ልጃገረዶች ለምን አይታገሉም?

ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ከኦሊምፒክ ያመጣችው ሜዳሊያ በሙሉ የሩጫ ነው። በቶኪዮም እንደዚያው ሆነ፤ ሰለሞን ባረጋ ወርቅ፣ ላሜቻ ግርማ ብር፣ ጉዳፍ ፀጋይና ለተሰንበት ግደይ ነሐስ ይዘው ተመለሱ። የእኛ ሰው ዓይኑን ከመሮጫው መም ላይ ሳይነቅል፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2021 በሌላ አዳራሽ አንዲት ናይጄሪያዊት በ68 ኪሎ ግራም የሴቶች ነጻ ትግል ለወርቅ ገጠመች። ብሌሲንግ ኦቦሩዱዱ ትባላለች። አባቷ ከጋና በሄዱት አሜሪካዊት በታሚራ ሜንሳ ስቶክ 4 ለ 1 ተሸነፈች። አንገቷ ላይ የገባው ብር ግን ናይጄሪያ በኦሊምፒክ ትግል ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር።

ያን ቀን 32 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት በ2018 በጎልድ ኮስት የኮመንዌልዝ ወርቅ ወስዳለች፤ በ2022 በበርሚንግሃም ደገመችው። በ35 ዓመቷ ፓሪስ ላይ ለነሐስ ደርሳ በጃፓናዊቷ ኖኖካ ኦዛኪ ተረታች። እንዲህ ያለ ረጅም የውድድር ዕድሜ በአጋጣሚ አይገኝም። ከበስተጀርባው ሠፈር አለ፣ ሰው አለ፣ በየዓመቱ የማይቀር ውድድር አለ። ጎጃም ከእነዚህ የመጀመሪያው አለው። የቀሩትን ሁለቱን የሚያሟላ ነው የጠፋው።

የመጀመሪያውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ አቅጣጫ የሚወጣ መንገደኛ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ እረኞች ገለባ ላይ ሲታገሉ ያገኛል። አንዱ ወገብ ጠምጥሞ ይይዛል፤ ሌላው እግሩን ከኋላ ሰንቅሮ ይጠልፋል። የወደቀው ተነሥቶ አቧራውን ሳያራግፍ «ጀርባዬ መሬት አልነካም!» ብሎ ይሟገታል። ዳኛው ብዙ ጊዜ የአንዱ የአጎት ልጅ ስለሆነ ሙግቱ ቶሎ አያልቅም። ከዳር ደግሞ አንዲት ልጅ የታላላቆቿን በትርና ጋቢ ይዛ ቆማለች፤ ከብቶቹ የጎረቤት ክምር እንዳይደፍሩም የምትመልሰው እሷ ናት። «ግራ እግሩን ጥለፈው!» እያለች የምትጮኸውም እሷው። ሁሉንም ታውቃለች፤ ስትታገል ማየት ግን ብርቅ ነው።

ጉልበት አንሷት ነው እንዳይባል፣ ማታ ከምንጭ 20 ሊትር ውኃ አዝላ ዳገቱን የምትወጣው ይህችው ልጅ ናት።

ነጻ ትግል ለዚህች ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ከግሪክና ሮማን ትግል የሚለየው እግር መያዝና መጥለፍ ስለሚፈቀድበት ነው፤ እረኞቹም የሚታገሉት እንዲሁ ነው። ሜዳው ስፋቱ 9 ሜትር የሆነ ክብ፣ ጨዋታው ሦስት ሦስት ደቂቃ ሁለት ዙር ነው። ተጋጣሚዋን ከክቡ ያስወጣች 1 ነጥብ፣ ጥላ ከላይ የተቆጣጠረች 2፣ ከፍ አድርጋ አንሥታ በጀርባዋ የወረወረች እስከ 5 ታገኛለች። የነጥብ ልዩነቱ 10 ከደረሰ ጨዋታው ያበቃል። የተጋጣሚ ሁለት ትከሻ ምንጣፉን ከነካ ግን የተቆጠረው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ከኦዱናዮ አዴኩኦሮዬ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላዋ ናይጄሪያዊት፣ ለሜዳሊያ ከኦቦሩዱዱ ይልቅ የተጠበቀችው፣ በማግስቱ በ57 ኪሎ ግራም እየመራች ሳለ በሞልዶቫዋ አናስታሲያ ኒኪታ ጀርባዋ ምንጣፍ ነክቶ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ወጣች። «ጀርባዬ አልነካም» ብሎ ሙግት እዚያ የለም።

ናይጄሪያ እነዚህን ሴቶች ከየት አመጣቻቸው? ኦቦሩዱዱ የተወለደችበት ባየልሳ ግዛት በኒጀር ወንዝ አፍ ላይ ያለ፣ ከጥንት ጀምሮ ትግል የሚወደድበት የኢጃው ሕዝብ አገር ነው። ታጋዩ ዳንኤል ኢጋሊም የዚያው ልጅ ነው። ኢጋሊ በ1994 ለኮመንዌልዝ ጨዋታ ካናዳ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ2000 በሲድኒ ለካናዳ ወርቅ ሲያስገኝ የካናዳን ባንዲራ ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን ከጨፈረ በኋላ ተንበርክኮ ሳመው። ወሬው እዚህ ቢያበቃ ከአገሩ ወጥቶ የቀረ የብዙ ስፖርተኛ ወሬ በሆነ ነበር። እሱ ግን ተመለሰ። በትውልድ መንደሩ በኤኒዋሪ ትምህርት ቤትና የትግል ማሠልጠኛ አቋቋመ፤ የናይጄሪያ ትግል ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትም ሆነ። የቶኪዮው ብር የተገኘው በእሱ ዘመን ነው። በየውጭ አገሩ ያሉት የእኛ ስፖርት አዋቂዎች ይህን ታሪክ ልብ ብለው ቢያነቡት አይከፋም።

ሴኔጋል ደግሞ ሌላ መንገድ ታሳያለች። በደቡቧ በካዛማንስ፣ በጆላ ሕዝብ ዘንድ፣ ልጃገረዶች በበዓል ቀን አደባባይ ወጥተው ይታገላሉ፤ ነውር የሚል የለም። ኢዛቤል ሳምቡ ከዚያ አካባቢ ወጥታ 9 ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆናለች። በ2012 በለንደን በ48 ኪሎ ግራም ለነሐስ ደርሳ በካናዳዊቷ ካሮል ሁይን ተሸንፋ አምስተኛ ወጣች። ቱኒዚያዊቷ ማርዋ አምሪ በ2016 በሪዮ ነሐስ አግኝታ በትግል ለኦሊምፒክ ሜዳሊያ የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት እስክትሆን ድረስ፣ ከሳምቡ ውጤት የሚበልጥ ጥቂት ነበር። የሴቶች ትግል ለኦሊምፒክ የበቃው በ2004 በአቴንስ እንደሆነ ሲታሰብ አፍሪካ ብዙም አልዘገየችም። የዘገየነው እኛ ነን።

ለምን? ዋናውን ምክንያት የስፖርት ሹም ሳይሆን የሠርግ ድንኳን ይናገረዋል። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል፤ በአማራ ክልል ዕድሜው ከዚያም ዝቅ ይላል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ብሎ ከደነገገ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። በትግል ዓለም ደግሞ አንዲት ልጅ ከ17 ዓመት በታች ትጀምራለች፣ ከ20 በታች ትበስላለች፣ ከ23 በታች ትፈተናለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ከዐዋቂዎቹ ጋር የምትሰለፈው። የመጀመሪያውን ደረጃ ሳታልፍ ጎጆ ለምትወጣ ልጅ ኦቦሩዱዱ በ32 ዓመቷ የደረሰችበት ቦታ አይታሰብም።

«ልብሱስ?» የሚል ይኖራል። ሰውነት ላይ የሚጣበቀው የውድድር ልብስ በጎጃም ገበሬ ዓይን እንደማይወደድ ግልጽ ነው፤ መናቅም አያስፈልግም። ግን በቀበሌና በወረዳ ውድድር ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ መታገልን የሚከለክል ማን ነው? ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በቁምጣ ሮጣ ወርቅ ስታመጣ አገር በእልልታ ነው የተቀበላት፤ ስለ ልብሷ የጠየቀ አልነበረም።

ከልብሱ ይልቅ ወላጅን ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነው። የሕንዷ ሃርያና እንደ ጎጃም የገበሬ አገር ናት፤ ሴት ልጅም ብዙ አይፈቀድላትም። ከዚያ የወጣችው ጊታ ፎጋት፣ በአባቷ ሠልጥና፣ በ2010 በኮመንዌልዝ ጨዋታ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት ታጋይ ሆነች። ሳክሺ ማሊክ ሪዮ ላይ ነሐስ አከለች። በ2023 ግን ማሊክና ጓደኞቿ የፌዴሬሽናቸው ፕሬዚዳንት ሴት ታጋዮችን በወሲብ ይተነኩሳል ብለው ለሳምንታት ዴልሂ አስፋልት ላይ ተቀመጡ። ሰውየው አልፈጸምኩም አለ። በዓመቱ መጨረሻ የእሱ ቀኝ እጅ የነበረው ሰው በምርጫ ወንበሩን ሲረከብ፣ ማሊክ በጋዜጠኞች ፊት የትግል ጫማዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስፖርቱን ለቀቀች። ልጃገረዶችን ለአሠልጣኝ አደራ ከመስጠታችን በፊት ሴት አሠልጣኝ፣ ለየብቻ የሆነ ማደሪያና አቤት የሚባልበት ደጅ ሊኖር ይገባል። ይህ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

በክልሉ ጠመንጃ በሚጮህበት፣ በብዙ ወረዳ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰዓት ስለ ትግል ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው አይፈረድበትም። ሆኖም ከትምህርት ገበታ የቀረች ልጅ የሚጠብቃት ባል ነው፤ ትምህርቱ ሲከፈት እንድትመለስ የሚስባት ነገር ቢኖር አይጠላም።

የሚያስፈልገው ደግሞ ስታዲየም አይደለም። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ትግልን በየዓመቱ ያወዳድራል፤ በምሥራቅ ጎጃም ከወረዳ ጀምሮ ለልጃገረዶች የኪሎ ምድብ ይክፈት። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ክፍል ሁለት ሴት አሠልጣኞችን ያስተምር፤ አንድ አዳራሽ ውስጥም ምንጣፍ ያንጥፍ። ወላጆችም በመጪው ታኅሣሥ፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ ከብቱን ወንዱ ልጅ እንዲመልስ ይዘዙት።