10 ቀን ቀርቷል፦ ፊዚክስ በጩኸት አይታለፍም

ወገን! የዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆናችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ካልሆናችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ከቤታችሁ ወይ ከጎረቤታችሁ አንድ ተፈታኝ አይጠፋም።

ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 5.4 ሲደርስ "ተሻሽሏል" ተባለ። ውጤት በወጣ ቁጥር እንጮኻለን፣ እንሳደባለን፣ ስክሪንሾት እንለጥፋለን፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ረስተነዋል። ዘንድሮ ጩኸቱን ከውጤቱ በፊት ወደ ሥራ እንቀይረው።

"ቤተ ሙከራ አይተን አናውቅም፣ የፊዚክስ መምህር የመጣልን በሁለተኛው መንፈቅ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ለወራት ተዘግቶ ነበር" የምትሉ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን የፈተናው ወረቀት ይህን አይጠይቃችሁም። መኪናው ፍሬን ከያዘ በኋላ ስንት ሜትር ሄዶ ቆመ ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ። የመብት ጥያቄያችንን ከፈተናው በኋላም እናነሳዋለን፤ እነዚህ 10 ቀናት ግን ካለፉ አለፉ።

ታዲያ በ10 ቀን ምን ይሠራል? መጀመሪያ የማይሠራውን እንናገር። ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አንደኛ ገጽ ጀምሮ ማንበብ አይሠራም። ሦስተኛው ቀን ላይ ገና 9ኛ ክፍል ትሆናላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ፣ ትተዉታላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ የቆየ የፊዚክስ ፈተና ውሰዱና ያለ ስልክ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩት። ከዚያ የሳታችኋቸውን ለሦስት ክፈሏቸው፦ ጭራሽ ያላወቃችሁት፣ አውቃችሁት በሒሳብ ወይም በመለኪያ የተሳሳታችሁት፣ እንግሊዝኛውን በትክክል ያላነበባችሁት። ሁለተኛውና ሦስተኛው በ10 ቀን ውስጥ በደንብ ይስተካከላሉ። "ኤክሴፕት" የምትለዋን ቃል ዘሎ የሚያውቀውን ጥያቄ የሚስት ጎበዝ ተማሪ ስንት አለ!

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን በቀን ሦስት ሰዓት ለፊዚክስ ስጡ። ቀሪው ሰዓት የሌሎቹ ትምህርቶች ነው። በሜካኒክስ ጀምሩ፦ ቬክተር፣ እንቅስቃሴ፣ የኒውተን ሕጎች፣ ሥራና ኢነርጂ። ምክንያቱም ሌላው ምዕራፍ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። በክብ መንገድ የሚዞር አካልም ሆነ በኤሌክትሪክ ፊልድ ውስጥ የሚገፋ ቻርጅ ያው የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ነው የሚከተለው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሰርኪት፣ ከዚያ ሙቀትና ፈሳሽ። አንድ ሰዓት ማስታወሻ አንብቡ፣ ሁለቱን ሰዓት በእጃችሁ ጥያቄ ሥሩ። ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት መሥራት አይደለም።

ፎርሙላ መሸምደድ ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው? ምሳሌ እንይ። ሚኒባስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወደ ሜትር በሰከንድ ቀይሩት፣ 10 ይሆናል። ፍሬኑ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ5 ቢቀንሰው የሚቆመው 10 ሜትር ሄዶ ነው። አሁን ፍጥነቱ እጥፍ፣ 72 ኪሎ ሜትር ይሁን። የሸመደደው ልጅ "20 ሜትር" ብሎ ያጠቁራል። መልሱ 40 ነው። የማቆሚያው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን የገባው ተማሪ ወደ ላይ በተወረወረች ኳስ ከፍታ ቢመጣበትም አይሸወድም፤ ነገሩ አንድ ነው። ካልኩሌተርም አያስፈልገውም።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ቀን የቆዩ ፈተናዎች ብቻ ይሁኑ፣ በሰዓት። ያልቻላችሁትን ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት፣ መጨረሻ ላይ ተመለሱበት። አስረኛው ቀን ፎርሙላችሁንና መለኪያዎቹን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከልሱ፣ ከዚያ ተኙ። ሌሊቱን ሙሉ ቡና እየጠጡ ማደር ጀግንነት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት 72ን ለ3.6 ማካፈል ያቅተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሌባ እንምጣ፦ "ፈተናው ወጥቷል" የሚለው የቴሌግራም ቻናል። ብር ላኩ ይላችኋል፣ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ቀን ቀይሮ ይሸጥላችኋል፣ የቀራችሁንም ሰዓት ይበላል። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና በእርግጥም ሾልኮ ነበር። ምን ሆነ? ፈተናው ተሰረዘ፣ የለፋውም ያልለፋውም እንደገና ተቀመጠ። ስለዚህ ውሸት ከሆነ ብራችሁ ይሄዳል፣ እውነት ቢሆንም አይጠቅማችሁም። ከቻናሉ ዛሬውኑ ውጡ።

ተፈታኝ ላልሆንነውም ሥራ አለን። ባለፉት ዓመታት የተፈተናችሁ፣ ወርክሺታችሁንና የቆዩ ፈተናዎቻችሁን ከአልጋ ሥር አውጥታችሁ ለሰፈር ልጅ ስጡ። ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ሰርኪት ማስረዳት የምትችሉ ካላችሁ ተማሪው ደጃችሁ ላይ ነው። ወንድሞች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እኛ "ጥናት ላይ ነኝ" ብለን በር ስንዘጋ ተፈታኟ እህታችን ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ነው ደብተር የምትከፍተው፣ ያውም በእንቅልፍ ዓይን። ለ10 ቀን ጀሪካኑን እኛ እንሸከም። ሕዝቤን እወዳለሁ የሚል ወጣት ከቤቱ ይጀምር።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት ተፈታኝ ላኩለት። ከላካችሁለት በኋላ ግን አታውሩት፣ ያጥናበት።

መልካም ፈተና ለልጆቻችን!