«የት ደረስክ?» አትበሉ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለወጣቶቹ አይደለም። ለእነሱ ትራፊክ ፖሊሱም፣ መምህሩም፣ ሬዲዮውም ይነግራቸዋል። የእኔ ነገር ከእናንተ ጋር ነው፤ ቡና ሸጣችሁ ለልጃችሁ ባጃጅ ከገዛችሁ፣ አይሱዙ ካቆማችሁ፣ ወይም ልጃችሁ የሰው መኪና ይዞ በሞያሌ መንገድ ላይ ከሚውልባችሁ ከእናንተ።

ሹፌር ስልክ ሲያወራ ሰው ገጨ ሲባል ሁላችንም ሹፌሩን እናወግዛለን። ስልክ ግን በራሱ አይጮኽም። በወዲያ በኩል የደወለ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው እኛ ነን።

እኔ ነበርኩ። አራት ዓመት ሆነው፤ ኅዳር ላይ፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን። ልጄ ከይርጋ ጨፌ በኩል እሸት ቡና ጭኖ ይመጣል። ታውቁታላችሁ፣ ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ እየተብላላ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ጨነቀኝ፣ ደወልኩ። አላነሳም። ደገምኩ። አላነሳም። በሦስተኛው «አቤት አባባ» አለኝ። «የት ደረስክ?» አልኩት። መልሱን አልሰማሁም። ኩርባው ላይ ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ ከገበያ ቆጮ ተሸክማ የምትመለስ እናት መትቶ ጣላት። ነፍሷ ተርፏል። ዳሌዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ካሳ ተከፈለ፣ እርቅ ወረደ። ከሸንጎው «ቀኑ ነው፣ ከእግዜር የመጣ ነው» ያላለ አልነበረም። ማን ደወለ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። እንድናገር ያደረገኝ ያ ዝምታ ነው።

«ቀኑ ነው» የሚለውን ቃል ከአደጋ ሽምግልና እናውጣው። በታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሲዳማ፣ በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኛ የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ሲያልቅ ሁላችሁም አልቅሳችኋል። የስልክ ነገር ነው አልልም። ነገር ግን የዕቃ መኪና ላይ ያን ያህል ሕዝብ የጫነው የሰው እጅ ነው፤ ሲጫን ቆሞ ያየም የሰው ዓይን ነው። ያንን «ቀኑ ነው» ብቻ ብለን ከሸኘነው የሚቀጥለውን ሠርገኛም በዚያው መኪና እንሰድዳለን።

አሁን መንገዳችንን አስቡት። ከዲላ ወጥታችሁ ወናጎን፣ ይርጋ ጨፌን ስታልፉ የሰው ደጅ በቀጥታ አስፋልት ላይ ይከፈታል። ከእንሰቱ ሥር ብቅ የሚል ሕፃን አለ፤ ጥጃ የሚነዳ አለ፤ እንጨት ያዘለች አለች፤ ምልክት ሳያሳይ የሚታጠፍ ባጃጅ አለ። የእግረኛ መንገድ የለንም፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ነው የእግረኛው መንገድ። ወደ ቡሌ ሲወጣ ደግሞ ጉሙ አለ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። የደወለው ማን እንደሆነ ለማየት አምስት ሴኮንድ ዓይኑን ዝቅ ያደረገ ሹፌር 80 ሜትር ያህል በጨለማ ነድቷል ማለት ነው። በእኛ መንገድ 80 ሜትር ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ቁጠሩት።

እያሽከረከሩ በሞባይል ማውራትን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ከከለከለ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጡ ዕድል በአራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል ይላል። ጆሮው ላይ ሰክቶ እጁን ነፃ ቢያደርግም እምብዛም የተሻለ አይደለም። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ለልጅህ «እናትህ አሟታል» ብለህ በስልክ ብትነግረው፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ቢሆን እንኳ ልቡ እናቱ ዘንድ ሄዷል። ልብ የሌለበት ዓይን ምን ያያል?

ስልክ ብቻም አይደለም፤ ጫት ለመቀንጠስ እጁን ከመሪው የሚያነሳም፣ ፍላሽ የሚቀያይርም፣ ባጃጁን እያስኬደ መልስ የሚቆጥርም ያው ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ልጁ ከተነሳ በኋላ አትደውሉለት። ረዳት ካለው ለረዳቱ ደውሉ፤ የሹፌሩ ስልክም ረዳቱ ኪስ ውስጥ ይዋል። ባጃጅና ሞተር ረዳት የለውም፤ ስለዚህ ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ ያግባው፣ የግድ ከሆነ ከኩርባ ርቆ ሰፊ ቦታ ላይ ይቁም። ሳታውቁ ደውላችሁ «እየነዳሁ ነው» ካላችሁ፣ ቶሎ ዝጉት። እሸት ለማድረስ ከቸኮላችሁ ልጁን በስልክ ከማጣደፍ ለቃሚውን በጊዜ ማስጀመር ይቀላል። የሚበላሽ እሸት ካለም ይበላሽ። ይህን የምለው ቡና ሻጭ ሆኜ ነው።

ስትሳፈሩም አፋችሁን አትዝጉ። ወጣት ተሳፋሪ ሹፌሩን ለመናገር ያፍራል፣ ሴቶቹ ይፈራሉ። እኛ ሽበት አለን። «ልጄ፣ ስልኩን አስቀምጥ፤ አለዚያ አውርደኝ» ያለ ሽማግሌን የሚሳደብ ሹፌር እስካሁን አላጋጠመኝም። ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ ሦስቱም አስቀምጠዋል።

በሶንጎ፣ በሽማግሌ ሸንጎአችን፣ ስንቀመጥ ደግሞ፣ የመንገድ ደም ጉዳይ በመጣ ቁጥር፣ ከካሳው በፊት ማን ደውሎ ነበር ብለን እንጠይቅ። ደዋዩም ይቁም፣ ከሹፌሩ ጎን ይቁም፣ ከካሳውም ይካፈል። ይህን የምጠይቀው በሚቀጥለው ለቀማ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ መኪኖቹ ባዶ በሆኑበት ሰሞን መክረን እንወስን።

ያቺ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ በደጄ ታልፋለች። ምርኩዟ ድንጋዩ ላይ ሲመታ ከሩቅ ይሰማኛል። ተነስቼ እጅ እነሳታለሁ፣ እሷም ትመርቀኛለች። የደወልኩት እኔ መሆኔን ባለፈው ወር ነገርኳት።