ቀባሪው ብዙ፣ ጧሪው አንድ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ።» ይህን ምርቃት ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱ ቃላት ዘወትር ተቆራኝተው ስለሚመጡ አንድ ሥራ፣ የአንድ ሰው ሸክም ይመስሉናል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያየሁት በእናቴ አልጋ አጠገብ ባሳለፍኳቸው 23 ሌሊቶች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችንን ስትሮክ የመታት የዛሬ 5 ዓመት ነው። ሰፈሩ «ምች ነው» አለ፤ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ግማሽ ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ትዝታዋ እንደ አሮጌ ነጠላ ጥለት ከዳር ይተረተር ጀመር። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የምትጦራት ታላቅ እኅቴ ናት። እኔም ሩቅ አልነበርኩም፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ሰፈር ነው የምኖረው። እሑድ እሑድ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። እናቴን ግንባሯን እስማለሁ፤ እኅቴን «ዋጋሽን ከላይ ታገኚዋለሽ» እላታለሁ፤ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ወር ሲደርስም ገንዘብ እሰጣለሁ። ራሴን ከጧሪዎች አንዱ አድርጌ እቆጥር እንደነበር ዛሬ አፍሬ ነው የምናገረው።

ባለፈው ዓመት እኅቴ ወገቧን ታመመች። ሐኪሙ በቀን ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠራ ሲጠይቃት «ምንም፤ ቤት ነው የምውለው» ብላ መለሰችለት። እናቷን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የምታነሣ ሴት «ምንም» አለች። እንድታርፍና ከባድ ነገር እንዳታነሣ ስትታዘዝ እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ገባሁ።

በመጀመሪያው ሌሊት የሠራሁትን ሁሉ ብዘረዝር አንባቢ ይስቅብኛል። እናቴን በብብቷ ሥር ይዤ ላነሣ ስታገል ሁለታችንም አልጋው ላይ ተደፋን። ሹራቧን ሳለብሳት ደኅናውን እጅ አስቀድሜ አስገባሁና የማይታዘዘውን እጅ በኋላ ስጎትተው አቃሰተች። ውኃ በብርጭቆ ባጠጣት ትን አላት። አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ ቤቴ በመጻሕፍት የተሞላ፣ ስለ ሰው ልጅ ስቃይ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ አንዲትን አሮጊት ሹራብ ማልበስ ግን አላውቅም ነበር።

ያዳኑኝ ጡረታ የወጡ ነርስ ጎረቤታችን ናቸው። ጠዋት መጥተው የሆነውን ሲሰሙ አልሳቁብኝም። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሙያ ነው፤ በፍቅር ብቻ አይቻልም» አሉኝ። ያስተማሩኝን እዚህ መጻፌ ለሥነ ጽሑፍ ገጽ የማይመጥን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይታገሠኝ፤ አንድ ቀን ይፈልገዋል።

ልብስ ሲያለብሱ የታመመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቁ የታመመው ይከተላል። ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዛውሩ ወንበሩ በደኅናው ጎን ይቀመጣል። የሚያነሣው ሰው ጉልበቱን እንጂ ወገቡን አያጥፍም፤ በታማሚዋ ወገብ ላይ ሰፊ መቀነት ጠበቅ አድርጎ ያስርና እርሱን ይዞ አብሯት ይነሣል እንጂ በብብቷ አይጎትታትም። በራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ይለወጥለታል፤ ጠዋት ጠዋትም ከወገቡ በታች ያለው አጥንት፣ ዳሌውና ተረከዙ ይታያል። መጽሐፉ «ቀይ ቦታ ፈልጉ» ይላል አሉ ነርሷ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላት ስለማይጎላ በእጅ እየዳሰሱ የሞቀውን ወይም የጠነከረውን ቦታ መለየት ይሻላል። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ በዚያ ጎን መተኛት ይቀራል፤ ቦታውን ማሸትም ክልክል ነው፤ ቆዳውን ይባስ ይጎዳዋልና። እኅቴ ይህን የሚነግራት ስላልነበረ ለዓመታት በቅቤ ስታሸው ኖራለች።

ምግብ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይቸኩሉ ነው፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት። ቀጭን ውኃ ትን የሚለው ሰው ወፈር ያለ አጥሚት ሊቀለው ይችላል፤ ትንታው ከተደጋገመ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሏታል» ተብሎ በገዛ ፈቃድ አይቋረጥም። ከሁሉም በላይ በልቤ የቀረው ይህ ነው፤ ትናንት ደኅና የነበረች አሮጊት በድንገት፣ በአንድ ቀን ውስጥ መቃዠት ከጀመረች «እርጅናው ባሰባት» ብሎ መተው አደገኛ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጣጣ ሊሆን ይችላልና፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። «ጃጀች» የሚለው ቃላችን ስንቱን የሚድን በሽታ ሸፍኖ እንደቀበረ እግዚአብሔር ይወቀው።

በአምስተኛው ሌሊት እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ትኩር ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ መቼ መጡ?» አለችኝ። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው፤ ካረፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። «እማዬ፣ እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ። ጋሼማ ሞተዋል» አልኳት። ደረቷን በደኅና እጇ እየመታች አለቀሰች፤ መርዶው ያን ሌሊት የተነገራት ያህል ነበር፤ ለእርሷም ያን ሌሊት ነው የተነገራት። ጥቂት ቆይታ ረሳችውና ደግማ ጠየቀችኝ። እኔም እውነተኛ ነኝና ደግሜ አረዳኋት። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ።

በማግስቱ ማታ «ጋሼ፣ ከብቶቹ ገቡ?» አለችኝ። «ገብተዋል፤ ተኚ» አልኳት። ተኛች።

ዋሸሁ ይሆን? ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ሊመልሰው የሚገባ ይመስለኛል። እናቴ የምትኖርበት ዓለም አለ፤ በዚያ ዓለም መሽቷል፤ ከብቶቹ በረት ይገባሉ፤ ታላቅ ወንድሟ በሕይወት አለ፤ እርሷም በአንቱታ የምታከብረው ታናሽ እኅቱ ናት። ከዚያ ጎትቼ ባወጣት የማሳያት አልጋና ሽባ እጅ ነው። ነርሷም እንዲህ ያለውን ሰው መከራከር እንደማይጠቅም፣ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ስጋት ማብረድ እንደሚበጅ ነገሩኝ። በገዛ እናቴ አፍ «አንቱ» መባልን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

አሁን መጻፍ ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ። በአሥራ ሰባተኛው ሌሊት አንሶላው ሦስት ጊዜ ረጥቦ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። ከእኩለ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጣራ ቆየች። «ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ክንዷንም ጨምድጄ ያዝኩት። ሲነጋ የጣቶቼ ምልክት ክንዷ ላይ ነበር። ለእኅቴ ስነግራት ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥቂት ዝም ብላ «እኔም አድርጌዋለሁ» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት «እናንተ ሁላችሁ ጻድቅ ናት ትሉኛላችሁ፤ ለማን ልናገር?» አለች።

ይህ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። በየእሑዱ ስመርቃት አፏን ስዘጋባት ነው የኖርኩት። ጻድቅ አይደክመውም፤ ጻድቅ «ዛሬ ተኩልኝ» አይልም። ደክሟት በእናቷ ላይ እጇን ያነሣች ሴት፣ ሌላ ሰው ደርሶላት አንድ ሌሊት ቢያስተኛት ኖሮ ያንን ባላደረገች። ይህን ስል ማንንም ከጥፋት ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ የእናቴ ክንድ የእናቴ ክንድ ነው። ሆኖም ጥፋቱን ስናካፍል እሑድ መጥተው ቡና ጠጥተው የሚሄዱትም ድርሻቸውን ይውሰዱ።

በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ሁለት የማውቃቸውን መጻሕፍት ደግሜ አነበብኩ። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ውስጥ ጌራሲም የሚባል ወጣት የገጠር ሰው አለ፤ የጌታውን ሰገራ ያወጣል፣ ሕመሙ እንዲቀልለትም እግሮቹን በትከሻው ላይ ተሸክሞ ይቀመጣል። ቀድሞ ሳነብ የመጽሐፉ ጀግና ኢቫን ኢሊች ይመስለኝ ነበር። የካፍካዋ ግሬተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 በታተመው «ሜታሞርፎሲስ» ውስጥ ወደ ነፍሳት ለተለወጠው ወንድሟ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሚበላ እየመረጠች የምታቀርብለት እርሷ ናት፤ በመጨረሻም መወገድ አለበት የምትለው እርሷው። በወጣትነቴ ጨካኝ መስላኝ ነበር። አሁን ግን ማንም ያልተካት፣ የደከመች አስታማሚ አየሁ። በእኛ ሥነ ጽሑፍ እናት ብዙ ተወድሳለች፤ እኔ ባነበብኩት ውስጥ ግን የምትወደሰው ወይ ልጇን አዝላ ነው ወይ ከሞተች በኋላ። አንሶላዋ የሚቀየርላት እናት፣ አንሶላውን የምትቀይረው ልጅም ገጸ ባሕርይ ሆነው ሲመጡ ገና አልጠገብኩም።

ወደ ጠያቂዎች ልመለስ። የታመመ መጠየቅ ከማከብርላቸው ልማዶቻችን አንዱ ነው። ነገር ግን በ23 ቀናት ውስጥ ስንት ጊዜ ቡና እንደተፈላ፣ ስንት ሲኒ እንደታጠበ ብነግራችሁ! ጠያቂ ሲመጣ አስታማሚዋ አስተናጋጅ ትሆናለች። «ምን ላምጣላት?» ለሚለኝ ዘመድ ዛሬ መልሴ አጭር ነው፤ ሁለት ሰዓት ይዘህ ና። ብርቱካኑ ይቅር። እናቴ አጠገብ ተቀመጥ፤ እኅቴ ትተኛ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ትሳም፣ ወይም ዝም ብላ መንገድ ለመንገድ ትሂድ።

እድራችንስ? ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት በሰዓቱ ይደርሳል፤ የቀረ ይቀጣል። እንዲህ ያለ የተሟላ ድርጅት ለቀባሪነት ሠርተናል። ለጧሪነት የሠራነው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ሕጉም ከእድሩ ብዙ አይርቅም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ ወላጁ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ወላጁ ታሞ ለተኛበት ግን ስሙ ተጠርቶ የተቀመጠ ፈቃድ የለም፤ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ተብሎ የተፈቀደ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት እስከ 5 ተከታታይ ቀን አለ፤ እርሱም በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ቤተሰብም፣ ሰፈርም፣ ሕግም ሬሳው እስኪወጣ የሚጠባበቁ ይመስላል።

እድር አይችልም እንዳይባል፣ በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን በርካታ እድሮች የታመሙትን በየቤቱ እየዞሩ ሲረዱ፣ ወላጅ ያጡትንም ሲያሳድጉ አይተናል። ድንኳን የሚያከራይና የሚያውስ እድር አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ መጸዳጃ ያለው ወንበር፣ ሁለት ክራንች ገዝቶ በዕቃ ቤቱ ቢያስቀምጥ ምን ይከብደዋል? ይህን ሐሳብ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አንሥቼው ነበር። ሰብሳቢው «ደንባችን የሚናገረው ስለ ሐዘን ነው» አሉ። አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሥተው «የእኔን ድንኳን አስቀሩና ወንበሩን አሁን ስጡኝ» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እንደገና አነሣዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። ለእኛ ይህ አኀዝ ሌላ ፊትም አለው። በቤይሩት ስንት ኢትዮጵያዊት የሰው እናት እያጠበች ታድራለች፤ በአሜሪካም በአረጋውያን መኖሪያዎች ሌሊቱን በሥራ የሚያሳልፉ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሙያውን እነርሱ ያውቁታል፤ እዚህ ያሉት የገዛ እናቶቻቸው ደግሞ ከገጠር ትናንት በመጣች፣ ማንም ምንም ባላሳያት ልጅ እጅ ላይ ናቸው። ወር ጠብቆ የሚላከው ገንዘብ ቤቱን ያቆመዋል፤ አንድ ቀን በስልክ ደግሞ ወገብ እንዴት እንደሚጠበቅ ለዚያች ልጅ ቢያስረዱላት ገንዘብ የማይገዛው ነገር ነው።

እኛ ቤት የተደረገው ትንሽ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድማችን ከገንዘቡ በተጨማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት በቪዲዮ እናቴን ያጫውታል፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት እኅቴ ገላዋን ትታጠባለች። መድኃኒቱ፣ ሰዓቱና የሐኪም ቀጠሮው በአንድ ደብተር ላይ ተጽፎ ከአልጋው ራስጌ ተንጠልጥሏል፤ ማንም ቢተካ አይደናበርም። ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት የእኔ ተራ ናቸው። መጀመሪያ ላይ እኅቴ ከበሩ ሥር ቆማ ታዳምጠኝ ነበር፤ አታምነኝም ነበር ማለት ነው፤ ልክ ነበረች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እኅቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጥታለች፤ ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። ይህን የምጽፈው በእናቴ አልጋ አጠገብ ነው፤ ጎኗን ከቀየርኩላት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ዓይኗን ገልጣለች። ስለ ከብቶቹ ልትጠይቀኝ ነው።