መብራት ሲሄድም የማይጠፋው ማግኔት

ባለፈው ወር እናቴን ለኤምአርአይ ምርመራ ይዣት ሄጄ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ የጆሮ ጌጧንና የአንገት መስቀሏን እንድታወልቅ ሲነግራት ምክንያቱን ጠየቀችው። «ማግኔቱ ኃይለኛ ነው እማማ፤ ቀንም ሌሊትም እንደሠራ ነው» አላት። እናቴ ትንሽ አሰበችና «መብራት ሲሄድስ ልጄ?» አለችው።

«መብራት ሲሄድም አይጠፋም።»

እሷ ተደንቃ ገባች። እኔ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ቁጭ ብዬ ጥያቄዋን ሳሰላስል ቆየሁ። በዚህ አገር ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ጥያቄ የሚገኝ አይመስለኝም።

በማሽኑ ሆድ ውስጥ ከኒዮቢየምና ከታይታኒየም የተቀየጠ ረጅም ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ነው። በዚህ ብርድ ለኤሌክትሪክ ምንም እንቅፋት የለውም። ማሽኑ ሲተከል የገባለት ኤሌክትሪክ፣ ጫፍና ጫፉ በተገናኘው ሽቦ ውስጥ ለዓመታት ይዞራል። መብራት የሚያስፈልገው ለማቀዝቀዣውና ለኮምፒውተሩ ነው። ብርዱ እስካለ ድረስ ማግኔቱ ከማንም ኃይል አይለምንም።

እንዲህ ያለው ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል፤ ኳንተም ማቴሪያል ከሚባሉት ቤተሰብ ነው። እርግጥ ድንጋዩም እንጨቱም በኳንተም ሕግ ነው የሚገዛው፤ ግን ሕጉ አቶም ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። በእነዚህ ቁሶች ግን አደባባይ ይወጣል፤ በእጅ በሚያዝ ነገር ላይ ይታያል። በተራ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ መርካቶ ገበያተኛ ናቸው፤ ይጋፋሉ፣ ይጋጫሉ፣ ግጭቱም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ያሉት ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ስልት ይሄዳሉ። በጥምቀት ሊቃውንቱ ሲወርቡ እንደሚታየው ነው፤ መቋሚያው አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። አንዱን ብቻ ነጥሎ ከስልቱ ማስወጣት አይቻልም፤ ሌሎቹ ይዘውታልና።

ነገሩ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1911 በሆላንዷ ላይደን ከተማ ነው። ተመራማሪው ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ ባዚቃን ሲያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ እንቅፋቱ በድንገት ጠፋበት። ለምን እንደጠፋ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ያስረዱት በ1957 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው ጥናት ሁሉ በበጀት ዓመቱ ፍሬ ካላፈራ የሚቆጡ ሰዎች እንዲያዩት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የ1986ቱ ግኝት ነው። ቤድኖርዝና ሙለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስዊዘርላንድ ውስጥ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ሱፐርኮንዳክተርን ብዙዎች ባልጠበቁት ቦታ ፈለጉት፤ በሸክላ ዘመድ፣ በሴራሚክ። ሴራሚክ እኮ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከል ነገር ነው፤ በመብራት ምሰሶ ላይ ሽቦውን የተሸከመው ስኒ መሳዩ ነጭ ነገር ከእሱ ይሠራል። እነሱ ግን መዳብና ኦክስጅን ባለበት ሴራሚክ ውስጥ አገኙት። የጽሑፋቸው ርዕስ እንኳ «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ያለበት ጥንቁቅ ርዕስ ነበር። በዓመቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1987 መጀመሪያም በአሜሪካ የነፖል ቹና የነማው ኩን ዉ ቡድኖች ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ያሉበትን ሌላ ሴራሚክ ይዘው ብቅ አሉ። ይህኛው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል።

አሠራሩን የሸክላ ሠሪ ልጅ ብትሰማው አይጠፋትም። ዱቄቶቹ ተመዝነው ይደባለቃሉ፣ በሙቀጫ ይደቅቃሉ፣ ተጭነው ቅርጽ ይይዛሉ፣ ከ900 ዲግሪ በላይ በጋለ እቶን ይተኮሳሉ፣ ከዚያም ኦክስጅን እያገኙ ቀስ ብለው ይበርዳሉ። የሚወጣው ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ ወደ ሽቦነት ለመለወጥ ብዙ ዓመት የፈጀውም ስለዚህ ነው። ዛሬ በብረት ጥብጣብ ላይ በስሱ እየተለበጠ ይሠራል። በ2014 በጀርመኗ ኤሰን ከተማ ከሌላ የሴራሚክ ሱፐርኮንዳክተር የተሠራ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ ለከተማዋ ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። በ2021 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጥብጣቡ የተጠመጠመ ማግኔት ቴስላ በሚባለው የማግኔት ኃይል መለኪያ 20 ደርሷል፤ የፀሐይን ዓይነት ኃይል ምድር ላይ ለማመንጨት ለሚደረገው ጥረት የታሰበ ነው።

የሴራሚኩ ምሥጢር ግን አልተፈታም። በ1957 የተሰጠው ማብራሪያ ለእሱ አልበቃም፤ ሁሉም የሚስማማበት ሌላ ማብራሪያም እስከ ዛሬ የለም። በ2023 ክረምት ከደቡብ ኮሪያ «በተራ ሙቀት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ» የሚል ዜና ሲወጣ ዓለም የጓጓው ለዚህ ነው፤ ማብራሪያ በሌለበት ማንም አስቀድሞ «አይሆንም» ሊል አይችልም። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ቁሱን ራሳቸው ሠርተው ፈተኑትና በሳምንታት ውስጥ እንዳልሆነ አረጋገጡ። ብዙዎች አፈሩበት። እኔ ኮራሁበት፤ ሳይንስ ማለት ይኸው ፈትኖ መጣል ነው።

እኛስ? ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የተተወ ጥናት አይደለም። የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች የቁሶችን ባሕርይ በኮምፒውተር ማስላት የሚማሩበት ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ስሌቱን የሚሠሩ እንደ ኳንተም ኤስፕሬሶ ያሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። የሚጎድለን ፊዚክስን ወዶ የሚመርጥ ተማሪ ነው፤ ተማሪውም የሚወደው ሲያየው ነው።

ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሴራሚኩን የሚያቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን በየወረዳው የሚዞር ነገር ነው። የከብት አዳቃዩ ባለሙያ የኮርማ ዘር ይዞ የሚሄድበት ያ ባለ ጠባብ አንገት እንስራ መሳይ ዕቃ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

እናም ለፊዚክስ መምህራን አንድ ነገር ልለምን። ሳንቲም የምታክል የሴራሚክ ቁራጭና ትንሽ ማግኔት ፈልጉ፤ ትምህርት ቤቱ ካልገዛ የቀድሞ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁ። ከእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ሊትር ናይትሮጅን ለምኑ። ቁራጩን አቀዝቅዙና ማግኔቱን ከላዩ አስቀምጡ፤ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆማል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ መስኮቶቹን ክፈቱ፣ ከኋላ የተቀመጡትንም ልጆች ወደፊት ጥሯቸው።