መንደር የሚጠበቀው ከነነዋሪው ነው

የአንድ መንደር ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም። በቤቱ ግድግዳ፣ በመንገዱ አቀማመጥ፣ በጎተራው ጣሪያና በአጥሩ ሥር በቆመው ዛፍ ላይ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የመሰለው ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከፈረሰ ግን መልሶ የሚያትመው ማተሚያ ቤት የለም። ስለዚህ የቀድሞ መልኩን ይዞ የቆየን መንደር ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ የማን ሥራ ነው? በምንስ ዘዴ ይከናወናል? የሚለው ጥያቄ በየትኛውም አገር ያለ የገጠር መሪ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ገጠር የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። ልምዱ የሚያስመሰግን ብቻ ሳይሆን የሚያስጠነቅቅም በመሆኑ፣ በዊልትሺር አውራጃ የሚገኙትን የሁለት መንደሮች ዕጣ አነጻጽሮ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መንደር ሌኮክ ይባላል። ንጉሥ ዊሊያም 1ኛ በ1086 ባስጻፉት የመሬትና የግብር መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ ይገኛል። በ1232 የሶልስበሪ መኳንንት ወገን የሆነችው ኤላ የሴቶች ገዳም አቋቋመችበት። ከዚያ በኋላ መንደሩ በበግ ጠጕር ንግድ በለጸገ። በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የአሥራት ጎተራ እስከ ዛሬ ቆሟል። ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን ለገዳሙ የሚያስገባው በዚህ ጎተራ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1539 ገዳሙን ቢያዘጋውም ሕንፃው አልፈረሰም፤ ወደ መኖሪያ ቤትነት ተለወጠ። በዚሁ ቤት ይኖር የነበረው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 የቤቱን መስኮት በራሱ ዘዴ ፎቶግራፍ አነሣ። ያ ሥዕል እስካሁን ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

በ1944 የታልቦት የልጅ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንና መንደሩን ናሽናል ትረስት ለተባለው ድርጅት በስጦታ አስረከቡ። ይህ ድርጅት ኦክታቪያ ሂል፣ ሮበርት ሃንተርና ሃርድዊክ ሮንስሊ በ1895 ያቋቋሙት፣ የመንግሥት ያልሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። በ1907 በወጣው ሕግ መሠረት ድርጅቱ «የማይሸጥ» ብሎ የመደበውን መሬትና ቤት ራሱም ቢሆን ሊሸጠውም ሆነ በዋስትና ሊያስይዘው አይችልም። የስጦታውም ጥንካሬ ከዚህ ላይ ነው። ቃል የሰጠ ሰው ያልፋል፤ አመራርም ይለዋወጣል፤ በሕግ የታሰረ ቃል ግን ይቆያል።

ዛሬ በሌኮክ አብዛኞቹን ቤቶች የሚያከራየው ይኸው ድርጅት ነው። በድንጋይ፣ በእንጨት አውታርና በጡብ የተሠሩት ቤቶች የቀድሞ መልካቸውን እንደያዙ ሰው ይኖርባቸዋል። በቤቶቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሽቦው ግን በየጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ አይታይም። የጐብኚዎች መኪና ማቆሚያም ከመንደሩ ዳር እንዲሆን ተደርጓል። በዚህም ምክንያት በ1995 ለታየ ታዋቂ የቴሌቪዥን ድራማ የ200 ዓመት ዕድሜ ያለውን ሕይወት ለማሳየት የፈለጉ ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው ወደዚሁ መንደር መጥተዋል።

ይሁን እንጂ ቤቱን ሁሉ አሰባስቦ የሚሰጥለት ባለጸጋ ያለው መንደር ጥቂት ነው። ለሌላው መንደር መከታ የሆነው ሕግ ነው። በ1947 በወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ መሠረት ታሪካዊ ቤቶች እየተመረመሩ በመዝገብ መግባት ጀመሩ። በመዝገብ የገባን ቤት ያለፈቃድ ማፍረስ ወይም መልኩን መለወጥ በወንጀል ያስጠይቃል። በ1967 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ጥበቃውን ከአንድ ቤት ወደ ሙሉ ሠፈር አሰፋው። ምክንያቱም አንድ ቤት ብቻውን ቢጠበቅና በዙሪያው ያለው ሁሉ ቢለወጥ የመንደሩ መልክ መጥፋቱ አይቀርም። ዛሬ በእንግሊዝ እንዲህ ያሉ የጥበቃ ሠፈሮች 10,000 ያህል ደርሰዋል። በእነዚህ ሠፈሮች ዛፍ ለመቁረጥ የፈለገ ሰው እንኳ በአብዛኛው ከ6 ሳምንት በፊት ለአካባቢው አስተዳደር ማስታወቅ አለበት።

ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ግን ሕግ ጣሪያ አይከድንም። ለአሮጌ ቤት የሚያስፈልገው ሙያ ያለው እጅ ነው። ዊሊያም ሞሪስ በ1877 ያቋቋሙት የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ከመነሻው የያዘው አቋም አሮጌውን አፍርሶ አሮጌ አስመስሎ ከመሥራት ይልቅ ሳይቆይ በየጊዜው መጠገን ይሻላል የሚል ነው። ይህ ምክር የኪስ ጉዳይም ነው። የተንሸራተተ አንድ የክዳን ድንጋይ በወቅቱ ቢመለስ ወጪው ቀላል ነው። ችላ ቢባል ውሃው ወራጁን ያበሰብሰዋል፤ ወራጁ ሲወድቅም ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል።

የጥገናው ዕቃም ቢሆን ምርጫ ይጠይቃል። በኖራ የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ ያስገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ «ጠንካራ ይሁን» ተብሎ በሲሚንቶ ቢለስኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ይህ የእንግሊዞች ችግር ብቻ አይደለም። በጐንደር የፋሲል ግቢም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ እንደነበርና ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራው መመለሱ የሚታወቅ ነው። በመሆኑም ኖራ ማቡካት የሚያውቀው ሽማግሌ ግንበኛና ሣር መክደን የሚችለው ባለሙያ ሙያቸውን ለወጣት ሳያወርሱ እንዳያልፉ ማድረግ የቅርስ ጥበቃው ግማሽ አካል ነው።

ወጪውስ ከየት ይመጣል? የሌኮክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ይህን ጥያቄ በቅርቡ ፊት ለፊት ተጋፍጠውታል። ቤተ ክርስቲያኑ ለብዙ ዘመን ሲገለገልበት የኖረ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የብር ጽዋ ነበረው። ሕንፃውን ለማደስ ገንዘብ በማስፈለጉ ጽዋው ይሸጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ የተቃወሙም ነበሩ። ጉዳዩ በቤተ ክርስቲያኒቱ ፍርድ ቤት ከታየ በኋላ፣ በ2013 የብሪታንያ ሙዚየምና የዊልትሺር ሙዚየም በጋራ በ1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። ቅርሱን ለማዳን ቅርሱን መሸጥ ተገቢ ነው ወይ? የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚቋጭ አይደለም። አንድ ነገር ግን ያስተምራል፤ ለጥገና የሚሆን ተቀማጭ አስቀድሞ ያላጠራቀመ ማኅበረሰብ ኋላ የሚመርጠው ከሁለት ጉዳቶች አንዱን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንደር እንመለስ። ይህ መንደር ኢምበር ይባላል። የሚገኘውም በዚያው በዊልትሺር ነው። ሌኮክ በስጦታ ከመሰጠቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በኅዳር 1943፣ የኢምበር ነዋሪዎች ተሰብስበው የጦር ልምምድ ስለሚደረግ በ47 ቀን ውስጥ መንደሩን ለቀው እንዲወጡ ተነገራቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ እንመለሳለን የሚል እምነት ነበራቸው። ጦርነቱ አበቃ፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም። መሬቱ እስከ ዛሬ የጦር ልምምድ ቦታ ነው። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፤ ጥገናም ይደረግለታል። ሕዝብ እንዲያየው የሚፈቀደው ግን በዓመት በጥቂት ቀኖች ብቻ ነው። ጭስ የሚወጣበት ቤት፣ ልጅ የሚጮኽበት ደጅ በኢምበር የለም። የተጠበቀ ሕንፃ ሁሉ የተጠበቀ መንደር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ የእንግሊዝን ውብ መንደሮች የሚያሰጋቸው ጦር አይደለም፤ ገበያ ነው። መንደሩ ባማረ መጠን የቤቱ ዋጋ ይወጣል። ከከተማ የመጣ ባለገንዘብ ለዕረፍት ቀኑ ይገዛዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል መስኮቱ ተዘግቶ ይከርማል። የገበሬው ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ መምህርና የግንበኛው ረዳት በተወለዱበት ቦታ ቤት መከራየት ያቅታቸዋል። ነዋሪ ሲቀንስ ሱቁ ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ይቀራል፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪ ያጣል። እንግዲህ ግድግዳው ምንም ሳይነካ ኢምበር በሰላም ጊዜ በዝግታ ይደገማል ማለት ነው።

ነዋሪዎቹ ግን ይህን እጃቸውን አጣጥፈው አልተመለከቱትም። ከ1894 ጀምሮ የእንግሊዝ ገጠር በየአጥቢያው የሚመረጥ ምክር ቤት አለው። በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ ይህ የአጥቢያ ምክር ቤት የአካባቢውን ፕላን ራሱ እንዲያዘጋጅ ሥልጣን ሰጠው። ፕላኑ በገለልተኛ መርማሪ ከታየ በኋላ ለነዋሪው ድምፅ ይቀርባል። ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ ከደገፉት የግንባታ ፈቃድ ሰጪው አካል እንዲመራበት ይገደዳል። በዴቨን አውራጃ የሚገኙት ሊንተንና ሊንማውዝ በ2013፣ በኮርንዎል የምትገኘው የወደብ ከተማ ሴንት አይቭስ ደግሞ በ2016 አዲስ የሚሠራ ቤት ቋሚ ነዋሪ እንዲኖርበት የሚያስገድድ ፕላን በሕዝብ ድምፅ አጽድቀዋል። ከ2025 ወዲህም የአካባቢ አስተዳደሮች በሁለተኛ ቤት ላይ የቤት ግብሩን እስከ እጥፍ ድረስ መጨመር ተፈቅዶላቸዋል። እርግጥ ነው፣ የነዚህ ፕላኖች ክልከላ የሚመለከተው አዲስ ቤትን እንጂ ነባሩን ስላልሆነ ችግሩን ሁሉ አያስወግድም። ቢሆንም መንደርተኛው ተሰብስቦ «ይህ ቤት ለሚኖርበት ይሁን» ማለት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

«ጥበቃ ዕድገትን ያግዳል» የሚል ክርክር በየጊዜው ይሰማል። ክርክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። አዲስ መኪና የማያስገባ ጠባብ ጎተራ ያለው ገበሬ ሰፊ ጎተራ ያስፈልገዋል፤ በብርድ የምትሠቃይ አሮጊትም የተሻለ መስኮት ይገባታል። እነዚህን ሁሉ በጥቅሉ የሚከለክል ጥበቃ ነዋሪውን ያስመርራል፤ የተመረረ ነዋሪም ጠባቂ አይሆንም። ሆኖም መልሱ ጥበቃውን መጣል ሳይሆን ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ አስቀድሞ ለይቶ መስማማት ነው። የሌኮክ ቤቶች መብራት ሳይነፈጋቸው መልካቸውን መጠበቃቸው ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ያስረዳል።

ከዚህ ሁሉ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚቀስሙት ትምህርት አለ። የእንግሊዝ ሕግና ሀብት የእንግሊዝ ነው፤ እንዳለ የሚገለበጥ አይደለም። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን ለማንኛውም መንደር ይሆናል። በመጀመሪያ፣ ያለውን ማወቅ፤ የትኛው ቤት፣ ዛፍ፣ ምንጭና መንገድ የመንደሩ ታሪክ እንደሆነ ሽማግሌዎችን ጠይቆ በመዝገብ ማስፈር ያስፈልጋል። ቀጥሎም በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይቶ በቃለ ጉባኤ መወሰን ይገባል፤ በቃል የተባለ ነገር ሊቀመንበሩ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣልና። ከዚያም ለጥገና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥና ሙያ ላለው ሰው ተማሪ መመደብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ይህ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚጣል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት። ይህ ውሳኔ ከጸና በኋላ የመንደሩ ልጅ በመንደሩ ይኖራል ወይስ ይሰደዳል? መልሱ «ይሰደዳል» ከሆነ፣ ግድግዳው ምን ያህል ቢያምር ጥበቃው ከሽፏል። ኢምበር ቤተ ክርስቲያኗን አላጣችም፤ ያጣችው ቀዳሹንና አስቀዳሹን ነው። ቅርስን የሚጠብቅ መሪ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን በሩን በየማለዳው የሚከፍተውን ሰው ጭምር መጠበቅ ይኖርበታል።