«ጅብ መጣልህ!» ማስፈራሪያ እንጂ ተረት አይደለም



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ተረት ነው። «ዶክተር ደግሞ ተረት ውስጥ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እሺ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

እዚህ ሐረር ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ «ልጄ ሁለት ዓመት ሞላው፣ እስካሁን አልተናገረም» ነው። ሌላው «ስልክ ካልያዘ አይበላም፣ ስልክ ካልያዘ አይተኛም» ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቤት ነው። ጠዋት እናት ምግብ እስክታበስል ስልክ፣ ከሰዓት ትልልቆቹ በርጫ ላይ ሲቀመጡ ልጁ ጥጉን ይዞ ስልክ፣ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደው ስልክ። ታዲያ ከዚህ ልጅ ጋር ማን አወራ?

ልጅ ቋንቋ የሚማረው ድምፅ ስለሰማ ብቻ አይደለም፤ መልስ ስላገኘ ነው። ሕፃኑ «ባ» ሲል እናቱ «ባ! አባባ መጣ እንዴ?» ካለችው፣ «ያወጣሁት ድምፅ ሰው ያመጣል» ብሎ ይማራል። ነገ ደግሞ ይሞክራል። ካርቱኑ ግን ቀኑን ሙሉ ቢለፈልፍ የልጁን «ባ» አይሰማም፣ አይመልስም።

የእኛ ተረት ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መልስ ይጠይቃል። ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፣ ልጆች «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። የሶማሊ ጎረቤቶቻችንም «ሼኮ ሼኮ» ሲሉ ልጁ «ሼኮ ሐሪር» ይላል። ዛሬ የልጆች እድገት ባለሙያዎች «ለልጁ ተናገሩ፣ መልሱን ጠብቁ፣ እንደገና መልሱለት» እያሉ ወላጆችን ያስተምራሉ። አያቶቻችን ይህን ያለ ምንም ሥልጠና በየማታው ያደርጉት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያወጣው መመሪያ አለ። 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። መመሪያው ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ልጁ በተቀመጠበት ሰዓት ከአሳዳጊው ጋር ማንበብና ተረት መስማት ይበረታታል። ማለትም «ስልኩን ቀሙት» ብሎ ብቻ አልተወንም፤ በምን እንደምንተካውም ነግሮናል። ስልክ ነጥቆ ባዶ እጁን የተወ ወላጅ ትርፉ ልቅሶ ነው።

አሁን ወደ ጅባችን ልምጣ። እዚህ አቦከርም ሆነ ሌላው የሐረር ሰፈር ልጅ ሲያስቸግር የምንለው ይታወቃል፦ «ዝም በል፣ ጅብ መጣልህ!» ልጁም ጸጥ ይላል። ሠራ! ግን ምን ሠራ? የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ እውነትና ጨዋታን ገና በደንብ አይለይም። በዚያ ላይ የእኛ ከተማ ጅብ የምር በሌሊት በደጃፋችን ያልፋል፣ ድምፁም ይሰማል። ስለዚህ ልጁ ዝም ያለው ስለተረጋጋ ሳይሆን ስለፈራ ነው። የፈራ ልጅ ለመተኛት ይቸገራል፣ በሌሊት ይባንናል፣ ብቻውን መሆን አይችልም። ከዚያ «እንቅልፍ አልወስድ አለው» ብለን ስልኩን እንመልስለታለን።

ያው ጅብ ግን ሐረር ውስጥ ሌላ ታሪክም አለው። በድሮ ጊዜ ረሃብ ገባ፣ የራባቸው ጅቦችም ሰው መተናኮል ጀመሩ፣ አውሊያዎቹም መክረው ገንፎ ሊያበሏቸው ተስማሙ ይባላል። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ በዓሹራ ቅቤ የተደረገበት ገንፎ ለጅቦች የሚቀርበው። ጅቡ እንደበላው መጠንም የዓመቱ ሁኔታ ይተነበያል። በጀጎል ግንብ ላይም ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ።

ልዩነቱን አያችሁ? ጅቡም ያው፣ ጨለማውም ያው ነው። በማስፈራሪያው ውስጥ ልጁ ከጅቡ ጋር ብቻውን ቀርቷል። በተረቱ ውስጥ ግን ፍርሃቱ ይመጣል፣ ትልልቅ ሰዎች ይመክሩበታል፣ መፍትሔ ያገኛሉ፣ ልጁም ይህን ሁሉ የሚሰማው ጭናችሁ ላይ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ «ተረቶቻችን ያስፈራሉ፣ ይቅሩ» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ፍርሃት ያለበት ተረት አይጎዳም፤ ማብቂያ የሌለው ፍርሃት ነው የሚጎዳው። ዕድሜውን ግን እንጠብቅ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንስሳቱንና ድምፃቸውን ብቻ ንገሩት፣ መበላላቱ ይቆይለት። ከ3 እስከ 5 ላለው ትንሽ ፍርሃትና ጥሩ መጨረሻ። ከ5 በላይ ሲሆን ደግሞ የአህያዋን ተረት ይችላል፦ አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ከብት መብላታቸውን ሲናዘዙ ይቅር ተባሉ፤ አህያ ግን «ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ትንሽ ሣር ነጨሁ» ስትል ጥፋተኛ ተብላ ተበላች። ከዚያ «አህያዋ አጥፍታለች እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁትና የሚላችሁን ስሙ።

«ስዕሉስ ለምን አስፈለገ? አያቶቻችን ያለ ስዕል አይደል የነገሩን?» ልክ ነው፣ ተረት ያለ ስዕልም ተረት ነው። ነገር ግን የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ረጅም ታሪክ መከተል አይችልም፤ ጣቱን ቀስሮ ማሳየት ግን ይችላል። ስዕሉ ላይ ያለውን ጅብ ጠቁሞ ቀና ብሎ ፊታችሁን ሲያይ «አየሽ? አየህ?» እያለ ነው። ይህ መጠቆም እኛ ሐኪሞች የልጅ እድገት ስንመረምር ከምንፈልጋቸው ትልልቅ ምልክቶች አንዱ ነው። ስዕል ሌላም ጥቅም አለው፦ ማንበብ የማትችል አያትም በስዕል መተረክ ትችላለች። ፊደል ባትቆጥር ስዕሉን በራሷ ቋንቋ ታወራዋለች፣ ያውም ከእኛ አሳምራ።

ቋንቋ ካነሳን፣ ሐረር ውስጥ አንድ ቤት ሐረሪኛ፣ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ሊሰማ ይችላል። «ቋንቋ በዝቶበት ነው የዘገየው» ሲባል እሰማለሁ። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት ልጅን የቋንቋ እድገት ችግር ውስጥ አያስገባም። አያት በሐረሪኛ፣ እናት በአማርኛ፣ አባት በኦሮምኛ ይተርኩለት፤ እያንዳንዱ አሳምሮ በሚችለው ቋንቋ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታወሩት በራሳችሁ ቋንቋ የተሟላ ተረት ብትነግሩት ይሻለዋል።

«እኛም እኮ በቴሌቪዥን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» የሚልም አለ። አባባ ተስፋዬን ማለታችሁ ነው። እሳቸው (ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት) «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ይመልስ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ይጀመራል፣ ሲያልቅ ያልቃል፣ ቤተሰቡም አብሮ ያየዋል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ከሚቀጥል ዩቲዩብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መጽሐፉ ከየት ይምጣ? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩ ቆጭቶት፣ የታወቀውን የሞኙን የማሞን ተረት በስዕል አሠርቶ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ኋላም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ሐዋሳ አካባቢ ላሉ ልጆች ደረሰ። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድም ሐረርን ጨምሮ በየክልላችን ዞራ ከተራኪዎች አፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» የሚባሉት ድረ ገጾች ደግሞ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ባለ ስዕል ተረቶችን በነፃ ያቀርባሉ። አውርዳችሁ ማሳተም ትችላላችሁ።

«ታዲያ ይሄም ስልክ አይደለም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ስልኩን ማን ይዞታል፣ ማንስ ያወራል የሚለው ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከተቻለ የወረቀት መጽሐፍ ይሁን። ከሌለ ተረቱን አሳትሙት፣ ወይም ራሳችሁ በእስኪርቢቶ ሳሉት። ጅባችሁ ውሻ ቢመስልም ልጁ ቅር አይለውም።

2. በስልክ ከሆነ ስልኩ እናንተ እጅ ላይ ይሁን፣ ዳታው ይጥፋ፣ ድምፁ የእናንተ ይሁን። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ወረቀት ወይም አፍ ብቻ።

3. በየገጹ ቆም በሉና ጠይቁ፦ «ይሄ ማነው? አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» መልሱን ጠብቁ፤ አትቸኩሉ።

4. ያንኑ ተረት አሥር ጊዜ ድገሙ ቢላችሁ ድገሙት። ልጅ የሚማረው በመደጋገም ነው።

5. በመኝታ ሰዓት ስልክ ይራቅ። መብራቱ ቀነስ ይበል፣ ተረቱ በአፍ ይሁን። የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ድካማችሁ ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ለመጣ ሰው ተረት ቅንጦት ይመስላል። የምጠይቃችሁ 10 ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ተረት ሕክምናን አይተካም። ልጁ በ1 ዓመቱ ድምፅ የማያወጣ፣ በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ በ1 ዓመት ተኩል አንድም ቃል የማይናገር ወይም በጣቱ የማይጠቁም፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ከሆነ ሐኪም ጋር ውሰዱት፤ ጆሮውም ይመርመር። «ወንድ ልጅ ስለሆነ ነው፣ ይናገራል» ብላችሁ አትጠብቁ። ስልክ ኦቲዝም ያመጣል የሚባለውም አልተረጋገጠም፤ ራሳችሁን በዚህ አትውቀሱ። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ፣ ቦስተን በተጀመረ «ሪች አውት ኤንድ ሪድ» በተባለ ፕሮግራም ሐኪሞች ለክትትል ለመጣ ልጅ መጽሐፍ ይሰጣሉ፣ ወላጅንም እንዴት አብሮ እንደሚያነብ ያሳያሉ። እኛ ለሁሉም መጽሐፍ መስጠት ባንችል መጠየቅ አያቅተንም። በ9 ወርና በ15 ወር ለኩፍኝ ክትባት የመጣችን እናት ክብደቱን መዝነን ከመሸኘታችን በፊት «ማታ ማታ ለዚህ ልጅ ማነው ተረት የሚነግረው?» እንበላት። ክትባት መጠበቂያው ክፍል ውስጥም በየቋንቋችን አሥር ባለ ስዕል መጽሐፍ ብናስቀምጥ ወጪው ከአንድ ትልቅ ባነር አይበልጥም።

እናንተስ በልጅነታችሁ የሰማችሁት ተረት የቱ ነው? ማነው የነገራችሁ? በየትኛውም ቋንቋ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሌላውም ወላጅ ማታ ለልጁ ይነግረዋል። ለወለደ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።